ጣዝማዋን ሳንገድል፦ ከመስከረም እስከ ግንቦት የያዝኩት ማስታወሻ

መስከረም 18፣ 2017 ዓ.ም

ለመስቀል አጎቴ ዘንድ መጥቼ እስካሁን አልተመለስኩም። ቤታቸው ከአዲስ ዓለም ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ዛሬ ጠዋት የሰፈሩ ጣዝማ አዋቂ፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው ሽማግሌ፣ እንደ ቃላቸው ይዘውኝ ወጡ።

ከግጦሹ ዳር፣ አንድ የወይራ ጉቶ አጠገብ ቆሙ። እኔ ምንም አላየሁም። ሣር ነው፣ ጠጠር ነው። «ቁጭ በል» አሉኝ። ቁጭ አልኩ። ጥቂት ቆይቶ ከሣሩ መሃል ዝንብ የምትመስል ነገር ብቅ አለችና ሽው ብላ ሄደች። ከዚያ ሌላ። ጎንበስ ብዬ ፊቴን ወደ መሬት ሳስጠጋ፣ ከትንሿ ጣቴ የማይሰፋ ቀዳዳ አለ። አፉ ላይ አንዲት ጭንቅላት ተደቅናለች። ዘበኛዋ ናት። ጥላዬ ሲያርፍባት ወደ ውስጥ ገባች። ዞር ስልላት ተመለሰች። አሁንም ተጠጋሁ፣ አሁንም ገባች። ስንት ጊዜ እንዲህ እንደተያየን አላውቅም፣ አባባ እስኪጠሩኝ ድረስ።

«ይኸውልህ፣ ስንቱ ሰው ረግጦት ያልፋል» አሉ። በወጣትነታቸው ስንት ጎጆ እንደቆፈሩ ጠየቅኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «ያኔ ብዙ ነበር» አሉኝ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ካስማ ተከልንና ቁጥር 1 ብዬ ጻፍኩበት።

መስከረም 19

ለምን እንደጀመርኩት ዛሬውኑ ልጻፍ።

ጣዝማ ማርን የማያውቅ አለ ለማለት ይከብዳል። ሳል ሲጠና፣ ቶንሲል ሲያብጥ፣ ጨጓራ ሲነሳ «ትንሽ ጣዝማ ማር ባገኝ» እንላለን። አያቴ በትንሽ ብልቃጥ አድርጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ትቆልፍበት ነበር። ለአንድ ልጅ አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ በላይ ማልቀስም አይጠቅምም። ዋጋውም ከተራው ማር ጋር አይነጻጸርም። ማሩን እንዲህ እናውቀዋለን፤ ጣዝማዋን ግን አብዛኞቻችን በዓይናችን አላየናትም። እኔም እስከ ትናንት አላየኋትም ነበር።

አምና ስለ እሷ ማንበብ ስጀምር ነው ነገሩ እንቅልፍ የነሳኝ። ጣዝማ የንብ ዘመድ ናት፣ ግን የሚሠራ መንደፊያ የላትም። በዓለም ላይ እንዲህ ዓይነት ንቦች ከ500 ዝርያ በላይ ናቸው። ብዙዎቹ ዛፍ ውስጥ ይኖራሉ፤ የእኛዋ መሬት ውስጥ። የሳይንስ ስሟ ሜሊፖኑላ ቤካሪ ነው፣ ቤካሪ በሚባል ጣሊያናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ስም የተሰየመች። ለእኛ ግን ጣዝማ ናት፣ ይበቃታል።

እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ይሄ ነው። ንብ ሲከፋው ይኮበልላል። ቀፎው ከተነካካ፣ ጉንዳን ከገባበት፣ ምግብ ካጣ፣ ንግሥቲቱን ይዞ ይሄዳል። ንብ ያረባ ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ባዶ ቀፎ ታቅፎ ቀርቷልና። የጣዝማ ንግሥት ግን አንዴ እንቁላል መጣል ከጀመረች ሆዷ ይነፋና መብረር አትችልም። ለአዲስ ጎጆ እንኳን የምትሄደው ወጣቷ ናት፣ ያውም ሠራተኞቹ ከእናት ጎጆ ሰምና ማር እያመላለሱ ቤቱን ካሰናዱላት በኋላ። አሮጊቷ እዚያው ትቀራለች። እንግዲህ ጎጆዋ ሲቆፈር ወዴት ትሂድ? ማሩ ወጥቶ ጉድጓዱ ክፍት ሲተው ቤተሰቡ በሙሉ አለቀ ማለት ነው። በየዓመቱ የምንገዛው ብልቃጥ አብዛኛው የሚመጣው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ያሉትን እቆጥራለሁ፣ ቢቻል ደግሞ የማይፈርስ ቤት ሠርቼ እሞክራለሁ።

መቁጠሩ ለምን ይጠቅማል ለሚል፣ የክሬፌልድን ነገር ላንሳ። ጀርመን ውስጥ ያለች ከተማ ናት። እዚያ ያለ የነፍሳት ወዳጆች ማኅበር ድንኳን የመሰለ ወጥመድ በ63 የተጠበቁ ቦታዎች እየተከለ፣ የሚበርሩ ነፍሳትን ለ27 ዓመት ያዘና መዘነ። በ2017 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ ክብደታቸው ከ75 በመቶ በላይ ቀንሶ ተገኘ። ያውም በተጠበቀ ቦታ። ባይመዝኑ ኖሮ እዚያም ያሉ ሽማግሌዎች «ያኔ ብዙ ነበር» ብለው ዝም ይሉ ነበር። ብዙ ማለት ስንት ነው? የአባባን ዝምታ ሳስብ የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

መስከረም 26

ሦስት ጎጆ ደረስን። ቁጥር 2 ከቦረቦሩ ማዶ፣ ቁጥር 3 የአጎቴ ባቄላ ማሳ ድንበር ላይ።

አቆጣጠራችን ቀላል ነው። ከቀዳዳው አንድ ክንድ ተኩል ያህል ርቀን በጎን እንቀመጣለን። ፊት ለፊት ከተቀመጥን በረራቸውን እንዘጋለን፣ እየዞሩ ይቀራሉ። 5 ደቂቃ እንይዛለን። የወጣ አንድ ጭረት፣ የገባ አንድ ጭረት፣ እግሩ ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት ይዞ የገባ ደግሞ ለብቻው። ሰዓት፣ ሙቀት፣ ደመና አለ ወይስ ፀሐይ፣ እሱንም እንጽፋለን። ይኸው ነው።

እኔ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው የምመጣው። በሥራ ቀን የምትቆጥረው የአጎቴ ልጅ ናት፣ 9ኛ ክፍል። መጀመሪያ «ዝንብ ልቆጥር ነው?» ብላኝ ነበር። ዘበኛዋን ካየች በኋላ ግን ደብተሩን ከእጄ ነጥቃ ወሰደች። ጽሑፏ ከእኔ ይሻላል፣ ዓይኗም ይሻላል። እኔ ዱቄት ይዛለች አልያዘችም ብዬ ሳመነታ እሷ ጭረቱን ጨርሳለች።

የዛሬው ቁጥር 1፣ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ፀሐይ፣ 19 ዲግሪ፦ የወጡ 31፣ የገቡ 28፣ ከነዱቄቱ 11።

ጥቅምት 10

ሜዳው ሁሉ ቢጫ ነው። አደዩ መርገፍ ጀምሯል፣ መጭ የሚሉት ሌላው ቢጫ አበባ ግን ገና አልረገፈም። ቁጥር 1 ላይ በ5 ደቂቃ 44 ገቡ፣ 23ቱ ዱቄት ይዘው። አንዳንዷ ጭነቱ ከብዷት ቀዳዳውን ስታ ሣሩ ላይ ትወድቅና በእግሯ እየዳኸች ትገባለች።

ማዶ ያለው የስንዴ ማሳ ላይ ቱ ፎር ዲ ተረጭቷል። መድኃኒቱ አረም ገዳይ ነው፣ ነፍሳትን ለመግደል የተሠራ አይደለም። ግን ለገበሬው አረም የሆነው ለጣዝማ ምግቧ ነው። የማሳው ድንበር ላይ የነበረው መጭ ጠውልጎ ተኝቷል። ባለማሳው ደግ ሰው ናቸው። «ድንበሩን እንኳን ቢተዉልን» ብዬ ለመንኳቸው፣ የአጎቴ ባቄላ ላይ ጣዝማዎቹ ሲሠሩም አሳየኋቸው። ለከርሞ ሁለት እርምጃ ያህል ሳይረጩ እንደሚተዉ ነገሩኝ። በቃል ነው፤ እኔ ግን በደብተሬ ጻፍኩት።

አባባ ሁለት ተጨማሪ አሳዩን። ቁጥር 4 አንድ ጎረቤት ቤት ሊሠሩበት ባሰቡት ቦታ ላይ ነው። ቁጥር 5 ራቅ ይላል፣ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ፣ ሊናድ የደረሰ የቦረቦር አፋፍ ላይ። ሁለቱም ዕጣቸው እንደማያምር ያስታውቃሉ።

ኅዳር 8

ቁጥር 2 ተቆፈረ።

የአጎቴ ልጅ ሐሙስ ደውላ ስትነግረኝ ድምጿ ልክ አልነበረም። ዛሬ ሄጄ አየሁት። ጉድጓዱ እስከ ወገቤ ይደርሳል። ካስማችን ተነቅሎ አፈሩ ላይ ተጥሏል። ከጎኑ የእንቁላሉና የእጩ ቤት፣ ያ እንደ እንጀራ ተደራርቦ የሚሠራው ስስ ሰም፣ ተገልብጦ ተረግጧል። ጉንዳን አንድም አላስቀረለት። የሚያሳዝነው ግን ይሄ አይደለም። ከተቆፈረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ሆኖም ጣዝማዎቹ አሁንም ጉድጓዱ ላይ ይዞራሉ። ቀዳዳው ድሮ የነበረበት ከፍታ ላይ፣ አየር ላይ፣ ልክ በሩ እዚያ ያለ ይመስል ቆመው ይንሳፈፋሉ። አንዷ እግሯ ላይ ቢጫ ጭነት ነበራት። የምታራግፍበት ቤት የለም።

ቁጠሪያችንን ዛሬም አደረግን። ልጅቷ ናት «እንቁጠራቸው» ያለችው። በ5 ደቂቃ 17 መጡ። «የገቡ» በሚለው ዓምድ ሥር ዜሮ ጻፈች።

ኅዳር 15

ማን እንደቆፈረው በሰፈር ይታወቃል፣ እኔም አወቅኩ። ወጣት ነው፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ተናድጄ ነበር የሄድኩት፣ ቤታቸው ስደርስ ግን እናቱ ቡና አቅርበው ተቀበሉኝ፣ ንዴቱም እዚያው በረደ።

አልካደም። «አዎ እኔ ነኝ» አለኝ። ግማሽ ሊትር የማይሞላ ማር ነው ያገኘው። ሸጦ ለታናሹ የትምህርት ቤት ልብስ ገዛበት። «እኔ ባልቆፍረው ሌላው ይቆፍረዋል፣ ወንድሜ» አለ። ይህን አባባል ስንት ቦታ ሰምቼዋለሁ፣ ስለ ደን፣ ስለ ዓሣ፣ ስለ ሁሉም ነገር። እውነት አለበት፣ ለዚያም ነው መልሱ የሚከብደው።

ንግሥቲቱ መብረር እንደማትችል ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ሌላ ቦታ ሄደው ይሠራሉ ብዬ ነበር» አለ። ከልቡ ነው። የንብ ይመስለው ነበር፤ ማንስ ነግሮት? እኔ ራሴ ያወቅኩት አምና ነው።

ሰው እያወቀ ያጠፋል ብሎ መነሳት ትልቅ ስህተት ነው፣ ከዛሬ ወዲያ አልደግመውም። የማይፈርሰውን ቤት ስንሠራ እንዲያግዘኝ ጠየቅኩት። መቆፈር ከማንም በላይ ይችላል።

ታኅሣሥ 6

ቤቱን እየሠራን ነው።

ሣጥን ይሻላል ወይስ ማሰሮ የሚለው አከራክሮናል። ኬንያ ካካሜጋ ደን አካባቢ ገበሬዎች መንደፊያ አልባ ንቦችን በእንጨት ሣጥን ያረባሉ፣ ናይሮቢ ያለው ኢሲፔ የተባለ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ነው ያስፋፋው። ሜክሲኮ ዩካታን ውስጥ ደግሞ ማያ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች የእነሱን ንብ በተቦረቦረ ግንድ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያረቡ ኖረዋል። ግን እነዚያ ዛፍ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። የእኛዋ የለመደችው የመሬትን ጨለማና ቀንም ሌሊትም ብዙ የማይለዋወጥ ሙቀቱን ነው። ሣጥን ደጅ ላይ ብናስቀምጥላት የታኅሣሥ ውርጭ ይፈጃታል ብዬ ፈራሁ።

ማሰሮ ተመረጠ። ከገበያ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ገዛን። ውሃ ቢገባ እንዲወርድ ታቹ ላይ አንድ ቀዳዳ በሳንለት፣ ለመግቢያ ደግሞ ጎኑ ላይ ሌላ። ሸክላ መብሳት ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ውሃ እያጠጡ በሚስማር ጫፍ ቀስ ብሎ ማሽከርከር ነው፣ የቸኮለ ይሰብራል። አንዱ ተሰበረብን። ከጎኑ ቀዳዳ እስከ ምድር ወለል ሸንበቆ ሰደድን፣ አንጓዎቹን በጋለ ብረት አቃጥለን ከፍተን። ክዳኑ ጣውላ ነው። ማሰሮው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ክዳኑ ከአፈር ጋር እኩል ይሆናል፣ ከላዩ በጭድ የቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ማር ሲፈለግ ጭቃውን ማንሳት ብቻ ነው፣ መቆፈር ቀረ። ሐሳቡ ይሄ ነው።

ታኅሣሥ 13

ቁጥር 4ን አዛወርን። ጎረቤታችን በሚቀጥለው ሳምንት መሠረት ያስቆፍራሉ፣ ምርጫ አልነበረንም።

ወጣቱ ቀጭን የሣር አገዳ በቀዳዳው አስገባ፣ መንገዱን እንዳንስት። አገዳውን እየተከተልን በእጅ ማጭድና በማንኪያ ወረድን። 70 ሴንቲ ሜትር ላይ አፈሩ ሞቀ። እጄን አስገብቼ ነው ያወቅኩት፣ ዙሪያው ቀዝቃዛ ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ሙቀት አለ። ትንሽ ስንገፋ ጥቁር ቡናማ ሰም ታየ።

አንድ ነገር ለሚሞክር ሰው፦ የእጩ ቤቱን እንዳትገለብጡት። ጣዝማ ልጆቿን እንደ ንብ በየቀኑ አትመግብም። እያንዳንዱ ቤት ውስጥ ፈሳሽ ቀለብ ሞልታ፣ እንቁላሉን ከላዩ ጥላ ታሽገዋለች። እንቁላሉ ፈሳሹ ላይ ተንሳፍፎ ነው ያለው። ከተገለበጠ ይሰጥማል። እንደነበረ፣ ላዩ ላይ ታቹ ታች ሆኖ፣ በሁለት እጅ ነው የሚነሳው።

ማሰሮውን ከጎጆው 40 እርምጃ ርቀት ላይ ቀበርነው። ጣዝማ ማሯን የምታስቀምጠው በትንንሽ የሰም ፊኛዎች ነው፤ የተሰበረውን ያልተሰበረውን አብረን አስገባንላት፣ እንዳትራብ ብለን። ደክሞን፣ ደስ ብሎን ገባን።

ታኅሣሥ 22

አለቀች።

ልጅቷ ዓርብ ጠዋት ስትሄድ ዘበኛ የለም። በማግስቱ ጉንዳን ከሸንበቆው ሲወጣ አየች። ክዳኑን ዛሬ ስንከፍት ውስጡ ባዶ ሰም ነው። ንግሥቲቱን ፈልጌ አጣኋት።

ሙሉ ቀን አስቤበታለሁ፣ ጥፋቱን ሳልደብቅ ልጻፈው። አንደኛ፣ የተሰበረ የማር ፊኛ ማስገባት አልነበረብንም። የፈሰሰ ማር ለጉንዳን የሠርግ ጥሪ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። 40 እርምጃ ማለት ለጣዝማ ምንም ማለት አይደለም። ለቅሚያ የሚወጡት የድሮውን ቦታ ስለሚያውቁት ወደዚያው ተመለሱ፣ እዚያው ሲዞሩ አለቁ። ማሰሮው ውስጥ የቀሩት ገና በረራ ያልጀመሩ ልጆች ናቸው። ጉንዳን ሲመጣ የሚከላከል አልነበረም። ሦስተኛ፣ ሸንበቆውና ማሰሮው የተገጠሙበትን ጭቃ አልደፈንነውም፣ ሲደርቅ ተሰነጠቀ።

ቦታው ለማንኛውም መቆፈሩ አይቀርም ነበር። ግን በእጄ ነው የሆነው፣ ከብዶኛል።

ጥር 12

ጥምቀትን እዚሁ ዋልኩ። አባባ ስለ ታኅሣሡ ሲሰሙ አልተቆጡኝም። «ላም ብትገዛ የመጀመሪያ ቀን ታልባት ነበር?» አሉኝና ሄዱ። ስለ ማሩ ነው፣ ቸኩለሃል እያሉኝ ነው። በእርግጥ ማሩን ልቀምስ አልነበረም ያደረግኩት፣ ግን ያለ በቂ ዝግጅት መጀመሬ እውነት ነው።

ጣዝማን ስለ ማላመድ የተሠሩ ጥናቶችን በዚህ ወር በደንብ አነበብኩ። ሆለታ ያለው የንብ ምርምር ማዕከል ከእኛ ብዙም አይርቅም፣ እነሱም በዚህ ላይ ሲሠሩ ቆይተዋል። መጀመሪያ ይህን ነበር ማድረግ የነበረብኝ። እንደኔ የሚሞክር ሰው ካለ መጀመሪያ ይጠይቅ፣ ከዚያ ይቆፍር። ሊፈርስ የደረሰ ካልሆነ ደግሞ ጎጆ አይነካ። ቁጥር 1 እና 3ን በምንም ምክንያት አንነካም።

ጥር 25

ቁጥር 5። አፋፉ በዚህ ወር ሌላ አንድ ክንድ ተንዷል። ክረምቱን አይሻገርም።

ከቀኑ 8 ሰዓት ጀመርን። አምስት ሆነን ነበር፦ አባባ፣ አጎቴ፣ ወጣቱ፣ ልጅቷና እኔ። የዛሬውን በዝግታ ሠራነው።

የማር ፊኛዎቹ ከወይን ፍሬ አነስ ይላሉ፣ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ዘለላ ሠርተዋል። የተሰበረውን በሙሉ በሳህን ለይተን ከቦታው አራቅነው። ደህናዎቹን ብቻ፣ ያውም ጥቂት፣ ውጫቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገን አስገባን። ሠራተኞቹን በላስቲክ ቱቦ እየሳብን ጠርሙስ ውስጥ ሰበሰብን፣ ወደ አፍ እንዳይገቡ የቱቦው ጫፍ ላይ የነጠላ ቁራጭ ታስሯል። አይናደፉም፣ ፀጉር ውስጥ ገብተው ግን ይነክሳሉ።

ከዚያ ልጅቷ «ይቺ ምንድናት?» አለች።

የእጩ ቤቱ ሁለት ንብርብር መሃል፣ ጥግ ይዛ። ንግሥቲቱ። ደረቷ ከሠራተኛ ብዙም አይበልጥም፣ ሆዷ ግን ተወጥሮ የገብስ ቅንጣት ያበጠ ይመስላል፣ ከውስጡ ነጣ ያለ ነገር ይታያል። ክንፏ ከሆዷ ጋር ሲተያይ ለመብረር የተሠራ አይመስልም። ብርሃኑን ስትሸሽ ትጎተታለች፣ ሠራተኞቹ ዙሪያዋን ይከቧታል። አባባ መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ አዩዋት። «ስንት ዓመት ቆፍሬያለሁ፣ እሷን አይቻት አላውቅም» አሉ። ወጣቱ ዞር ብሎ አፈር መጥረግ ጀመረ።

በማንኪያ ላይ ከነሰሟ አንስተን ማሰሮው ውስጥ አሳረፍናት። ከድሮው መግቢያ የፈነቀልነውን ሰም የሸንበቆው አፍ ላይ ለጠፍንበት፣ ሽታው የቤታቸው እንዲሆን። ማሰሮውን የጎጆው ቦታ ላይ አስቀምጠን እስኪመሽ ጠበቅን። ከቅሚያ የሚመለሱት አንድ በአንድ ሸንበቆውን አግኝተው ገቡ። አንዳንዷ ትዞራለች፣ ታሸታለች፣ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ መጨረሻ ላይ ትገባለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ውጭ የቀረ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሸንበቆውን በጨርቅ ደፍነን ማሰሮውን በቃሬዛ ተሸከምነው። አዎ፣ በቃሬዛ፣ እንደ ታማሚ። ከጎን ወደ ጎን እንዳይወዛወዝ ሌላ መላ አልነበረም። ግማሽ ሰዓት የሚወስደውን መንገድ በጨለማ፣ በባትሪ ብርሃን፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሄድነው። መንገድ ላይ የተገናኙን ሰዎች «እግዚአብሔር ይማር» እያሉን አለፉ። አጎቴ «አሜን» ይሏቸዋል።

ጓሮ፣ ከግራዋው ሥር፣ ቀድሞ በተዘጋጀው ጉድጓድ አስገባናት። ጉድጓዱ ዙሪያ ቦይ ቆፍረን አመድ ሞላንበት። የመገጣጠሚያው ጭቃ ላይ ሰም አቅልጠን ቀባን። ከሌሊቱ 4 ሰዓት ላይ እጃችንን ታጠብን።

የካቲት 2

በሕይወት አሉ። በ5 ደቂቃ 4 ገቡ። ዱቄት የያዘ የለም። ግን አንዷ ከውስጥ የሆነ ነገር ጎትታ አውጥታ ሦስት ክንድ ያህል በርራ ጣለችው። ሄጄ አነሳሁት፣ የሞተች እህቷ ናት። ቤት ያጸዳሉ ማለት ነው። ቤት የሚያጸዳ ሊኖርበት አስቧል።

አመዱን ንፋስ ስለወሰደው በየሦስት ቀኑ መሙላት አለብን። አጎቴ ሥራውን ወስደውታል፣ ጠዋት ጠዋት የምድጃውን አመድ ወደ ጣዝማዋ ይዘው ይወጣሉ።

የካቲት 16

7 ገቡ፣ 2ቱ ዱቄት ይዘው። ግራዋው አብቧል።

የሸንበቆው አፍ ላይ ራሳቸው የሠሩት የሰም ቀለበት አለ፣ ወረቀት የሚያህል ስስ። እኛ የለጠፍንላቸውን አንስተው በልካቸው አበጁት። ቀለበቱ መሃል ዘበኛዋ። ጥላዬን አሳረፍኩባት፣ ገባች። አነሳሁ፣ ተመለሰች።

መጋቢት 7

የበልጉ ዝናብ ዘገየ። ሁሉም ጎጆ ቀንሷል፦ ቁጥር 1 ላይ 9፣ ቁጥር 3 ላይ 11፣ ማሰሮዋ 6። ማሰሮዋ ብቻ ብትቀንስ ኖሮ ደንግጬ ክዳኑን እከፍት ነበር። ያልተነኩትም ስለቀነሱ ወቅቱ ነው ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። አጠገቧ የምታነጻጽረው ያልተነካ ጎጆ ከሌለህ፣ የአንዷን ቁጥር ብቻ ይዘህ ምን እንደሆነች አታውቅም።

ወጣቱ ሁለት አዲስ ጎጆ አግኝቶ በስልኩ ፎቶ ላከልኝ። አልቆፈራቸውም። ቁጥር 6 እና 7 ሆነዋል። ካስማውን የተከለው ራሱ ነው።

ሚያዝያ 14

ፋሲካን አብረን አሳለፍን። ዝናቡ መጥቷል። ማሰሮዋ 15፣ ከነዱቄቱ 8።

ወጣቱ አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ «ማሰሮ ብገዛ፣ ከእሷ ልጅ ይወጣልኛል?» ገና አልደረስንበትም አልኩት። ቤተሰቡ ሲጠነክር የእጩ ቤቱን ከፍሎ ሁለት ማድረግ በሌሎች መንደፊያ አልባ ንቦች የሚሠራበት ነገር ነው። ለእኛዋ ግን ቢያንስ አንድ ክረምት እንያት። ጥያቄው ግን ደስ አሰኝቶኛል፣ ከማንም ቁጥር በላይ።

ግንቦት 17

ክዳኑን ከፈትን። ከጥር ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ከክረምቱ በፊት አንዴ ማየት ነበረብን፣ ውሃ የሚያስገባ ካለ አሁን ነው የሚደፈነው።

ቀትር ላይ፣ ሙቀቱ 23 ዲግሪ ሲደርስ፣ ጭቃውን በቢላ ፈንቅለን ጣውላውን ብድግ አደረግን። ከክዳኑ ሥር ሰሙ ተለጥፎበት ስለነበር ጠጅ ጠጅ የሚል፣ መረር ያለ የሙጫ ሽታ ወጣ። የእጩ ቤቱ ሰባት ንብርብር ሆኗል፣ ስናስገባው አራት ነበር። ከላይ ያለው ንብርብር ዳር ላይ ገና ያልታሸጉ ቤቶች አሉ፣ ንግሥቲቱ እየሠራች ነው ማለት ነው። እሷን አልፈለግናትም። ከማሰሮው ግድግዳ ጋር የተጣበቁ የማር ፊኛዎች ልጅቷ እስከ 60 ቆጠረች፣ ከጀርባ ያሉት አይታዩም። ታች ያለው የውሃ መውረጃ ቀዳዳ በሰም ሊዘጋ ምንም አልቀረውም፣ በቀጭን እንጨት ከፈትንላቸው።

አባባ ዳር ቆመው ነበር። አንድ ፊኛ በጣውላው ተነክቶ ፈሰሰ። ያንን በማንኪያ አንስቼ ሰጠኋቸው። ቀጭን ነው፣ ከንብ ማር ይልቅ ውሃነት አለው፣ ኮምጠጥ ይላል። ለልጅቷ ግማሹን ተዉላት። ሌላውን አልነካንም፣ ክረምቱን የምታልፍበት ስንቋ ነው። ኅዳር ላይ መጩ ካለፈ በኋላ ከዳር ዳር የተወሰኑትን ብቻ እናወጣለን።

ከፍተን የዘጋነው በስምንት ደቂቃ ውስጥ ነው። አዲስ ጭቃ መረግን፣ ከላይ በኩል ጎርፍ የሚያስቀይስ ቦይ ቆፈርን፣ አመዱን ሞላን። ግማሽ ሰዓት ጠብቀን ቁጠሪያውን ያዝን። የልጅቷ ደብተር እንዲህ ይላል፦ ማሰሮ፣ 7 ሰዓት፣ ግማሽ ደመና፣ 23 ዲግሪ። የወጡ 24፣ የገቡ 26፣ ከነዱቄቱ 14። ዘበኛ አለች።